ቧንቧው መልሶ ተነፈሰ

ይህን ከሰው ሰምቼ አይደለም የማወራው። በእጄ ይዤው፣ በአፌ ነክቼው ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ ሁልጊዜ ሌሊት ነው፤ አየሁ የሚለው ሰውም ጠጥቷል። የኔ ግን ቀን ነው። ነሐሴ 1929 ዓመተ ምሕረት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ከጠዋት ጀምሮ ከውሃ በቀር የቀመስኩት ነገር አልነበረም።

ቦታው ጉለሌ ነው። ወደ ሸጎሌ የሚያወጣው ዳገት ላይ፣ በኋላ ዊንጌት ከተባለው ሰፈር ከፍ ብሎ፣ መንገዱ የሚታጠፍበት።

ማመን አለማመን የእናንተ ነው። እኔም እስከዛሬ ስጠራጠር ነው የምኖረው...

ግን ሆኗል።

ዓምሃ እባላለሁ። በልጅነቴ ፈረንሳይ ተልኬ የሞተር ሙያ ተምሬ ነው የተመለስኩት። ሻንጣዬን በቅጡ ሳልፈታ ጣሊያን ገባ።

በጠበል አላምንም ነበር። በዛር አላምንም ነበር። በእናት ፋንታ ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ አፀደ ታዲያ፣ «እግዜር ራሱ ቢመጣ ይሄ ልጅ ብሎን ፈትቶ ነው ውስጡን የሚያየው» ትለኝ ነበር።

ጣሊያኖቹ ሞተር የሚያውቅ ሀበሻ ሲያገኙ ዝም ብለው አይተውትም። ጉለሌ ባለው ጋራዣቸው አስገብተው ያሠሩኝ ጀመር። አብረውኝ የሚሠሩት ጋሽ ደበላ የሸጎሌ ሰው ናቸው። በኦሮምኛ እየሰደቡ በጣሊያንኛ «እሺ ሲኞሬ» ማለት የሚችሉ ሰው።

ስለ ካሚዮኗ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው።

ከጦርነቱ በፊት የአንድ ነጋዴ የነበረች አሮጌ ካሚዮን ናት። ጣሊያኖቹ ወረሷት። የካቲት ላይ ከተማው ሲቃጠል፣ ያቺ ካሚዮን እዚያ መታጠፊያ ላይ ቆማ ነበር። በመታጠፊያው ላይ የእማማ ወለተማርያም ሣር ቤት አለ። አሮጊቷ በሩን ይዘው ለሚሸሸው ጎረቤት ሁሉ «ግቡ ልጆቼ፣ ግቡ... በሩን እኔ እዘጋዋለሁ» ይሉ ነበር።

ወታደሮቹን የሚመራው የጣሊያን ካፖራል ቤቱን ሊያቃጥል ሲል ቤንዚን አነሰው።

ከካሚዮኗ ሰልባትዮ፣ ማለትም ቤንዚን ከሚጠራቀምበት ጋን፣ ጎማ ነክሮ በአፉ ሳበ። ምራቁን ተፋ። ጣሳውን ሞላ። በሩን ከውጭ በሽቦ አሰረው።

ጋሽ ደበላ ከባሕር ዛፍ ኋላ ሆነው አይተዋል። ሲነግሩኝ ድምፃቸውን ከፍም ዝቅም አላደረጉም። ከዚያ በኋላ ከዚያ ቤት የቀረው ግድግዳው ብቻ ነው። በር የለው። ጣሪያ የለው።

ይቺን ልብ በሉልኝ። በር የለውም።

*

በዚያ በነሐሴው ቀን ካፖራሉ የላከው ወታደር ጋራዡ ድረስ መጣ። ካሚዮኗ ዳገቱ ላይ ጠፍታለች፤ ሠራተኛ ይምጣ አለን። እኔና ጋሽ ደበላ ዕቃችንን ይዘን ወጣን። ወታደሩ ግን ከእኛ ጋር አልተመለሰም። ወደ ሰፈራቸው ወርዶ ሌላ ካሚዮን ሊያመጣ ሄደ።

ጉም ወርዷል። ባሕር ዛፉ ከወገቡ በላይ አይታይም።

መታጠፊያው ላይ ስንደርስ ቆማለች። አፍንጫዋን ወደ ሸጎሌ፣ ጎኗን ወደ እማማ ወለተማርያም ግድግዳ አድርጋ።

ካፖራሉ ጠመንጃውን አቅፎ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

«መጣህ ሙሴ ዲፕሎማ?» አለኝ። ፈረንሳይ መማሬ ያበሽቀው ነበር።

ከኋላ ጭነቱ ላይ ሰዎች ታስረው ተቀምጠዋል። ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ እጅ ለእጅ። ወደ ሸጎሌ ማዶ የሚወሰድ እስረኛ እንደማይመለስ ጉለሌ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም።

ጠጋ ስል... ነጠላዋን አየሁ።

አፀደ ናት።

ጠዋት ገበያ እሄዳለሁ ብላኝ ነበር የወጣችው። ጌሾ ትሸጣለች። ጌሾው ሥር ለአርበኞቹ ጥይት እንደምታሳልፍ ለእኔ አልነገረችኝም። ጣሊያኖቹ ግን ደርሰውበታል።

«እትዬ...»

«ዝም በል» አለችኝ በሹክሹክታ። «አላውቅሽም በል።»

ከጎኗ የታሰሩት ሽማግሌ አቶ ቦጋለ ይባላሉ፤ አናጢ ናቸው። «ማኪናዋም እንደኛ እምቢ ብላለች» አሉኝ። «ተርጉምላቸው።»

ካፖራሉ ተነስቶ መጣ። «ወታደሬ ሌላ ካሚዮን ይዞ ይመጣል። ከዚያ በፊት ካስነሳሃት ትሄዳለህ። እሱ ከቀደመህ ከነዚህ ጋር ትጫናለህ። ገባህ?»

ገባኝ።

ካስነሳሁ እህቴን ይወስዳታል። ካላስነሳሁ ሁለታችንንም።

*

ሞተር ሲጠፋ የሚጠየቀው ሁለት ነገር ነው። እሳት አለው ወይ? ቤንዚን ይደርሰዋል ወይ?

እሳት ሰጪውን ካንዴላ ፈታሁ። ጋሽ ደበላ ማስነሻውን ብረት አዞሩልኝ። ጠስ አለ። እሳት አለው።

ስለዚህ የጠፋው ቤንዚን ነው።

ሰልባትዮው ውስጥ እንጨት ከተትኩ። ግማሹ ድረስ ረጥቦ ወጣ። ቤንዚን አለ። የሰልባትዮው ክዳን አየር የማያስገባ ከሆነም ቤንዚኑ ታፍኖ ይቀራል፤ እሱንም ከፈትኩት። ምንም።

ወደ ፖምፓው ሄድኩ። ቤንዚኑን ከሰልባትዮ ስቦ ወደ ሞተሩ የሚገፋው እሱ ነው። ከሥሩ እንደ ፍንጃል ያለች የብርጭቆ ዋንጫ ተንጠልጥላለች። ቤንዚኑ መጀመሪያ እሷ ውስጥ ገብቶ ቆሻሻው ይዘቅጣል።

ዋንጫዋ ባዶ ናት።

ግን ጉም ይዟታል...

በአውራ ጣቴ ጠረግኳት። አልለቀቀም። ጉሙ ከውስጥ ነው።

የጋለ ሞተር፣ የቀዘቀዘ አየር፤ ብርጭቆ ላብ ያወጣል። ለራሴ እንዲህ አልኩ። ይህን ስል ዋንጫዋ ጠራች። ከዚያ መልሳ ጉም ያዘች። ጠራች... ያዘች... ጠራች...

ቀስ እያለ። የተኛ ሰው አፉ ላይ መስታወት እንደያዙበት።

«ምን አየህ?» አሉኝ ጋሽ ደበላ።

«ምንም።»

«ፊትህ ግን እንደዚያ አይልም።»

ፖምፓው የሞተ እንደሆነ ልይ ብዬ ከሰልባትዮ የሚመጣውን ቧንቧ ፈታሁና ቀዳዳው ላይ አውራ ጣቴን ደፈንኩ። ፖምፓው በእጅ የሚነቀነቅ ትንሽ ምላስ አለው። ነቀነቅኩት። ጣቴን ጥብቅ አድርጎ ሳበው።

ፖምፓው ደህና ነው።

የቀረው ቧንቧው ነው። ተዘግቶ ይሆናል። ለዚህ የኛ ሙያ አንድ ዘዴ አለው፤ ፈረንሳይም ጉለሌም ያው ነው። አንዱ የቧንቧውን ጫፍ በአፉ ይዞ ወደ ሰልባትዮው ይነፋል። ሌላው ጆሮውን ሰልባትዮው አፍ ላይ ደፍቶ ያዳምጣል። ቤንዚኑ ውስጥ ቡልቅ ቡልቅ ካለ መንገዱ ክፍት ነው።

ጋሽ ደበላ ጆሯቸውን ደፉ።

ነፋሁ።

«ይላል» አሉ። «ቡልቅ ቡልቅ ይላል። አልተዘጋም።»

ቧንቧውን ከአፌ አወጣሁ።

«በቃ፣ ይበቃል» አሉ።

«አቁሜያለሁ።»

«አላቆምክም።»

«ጋሽ ደበላ... ቧንቧው እጄ ላይ ነው።»

ቀና ብለው አዩኝ። እጄን አዩ። አፌን አዩ።

ቡልቅታው አሁን ለእኔም ይሰማኛል። ቡልቅ... ቡልቅ... ቡልቅ። አንድ ሰው የሚነፋ አይመስልም። ብዙ ሰው ነው፤ በየተራ።

«የጋለ ቤንዚን ነው» አልኩ። «ቤንዚን ሲግል ይፈላል።»

«እጄን ከትቻለሁ። በረዶ ነው።»

ቧንቧውን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁ። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ ጉንጬ ላይ አንድ ነገር ነካኝ።

ሙቀት።

ይመጣል... ይሄዳል... ይመጣል። የቤንዚን ሽታ የለውም። ጭስ ጭስ ይላል። የሣር ክዳን ሲቃጠል የሚሸተው ሽታ።

ቧንቧው ውስጥ አንድ ሰው አሳለ።

ደረቅ ሳል። ሁለቴ። ከሳሉ በኋላ ምላስ ትናጋ ላይ ጠቅ የምትልበት ድምፅ።

ከላይ አፀደ ቀና አለች። «ያ ሳል የማነው?»

«ሞተሩ ነው፣ እትዬ።»

«የእማማ ወለተማርያም ሳል ነው። ካሳሉ በኋላ እንዲህ ነው የሚያደርጉት።»

«ሞተዋል እኮ...»

«መሞታቸውን አውቃለሁ» አለች። «ለቅሶ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።»

*

ከታች፣ ከከተማው በኩል፣ የሞተር ድምፅ ተሰማ። ሩቅ ነው፤ ግን ዳገቱን ይዟል።

ካፖራሉም ሰማ። ሲጋራውን ጣለና መጣ።

«ምንድነው ችግሩ?»

ልንገራችሁ፤ በዚያች ሰዓት ሁለት ዓምሃ ነበር። አንዱ የተማረው ነው። ሌላ ምክንያት ይኖራል፣ ፈልግ ይለኛል። አንዱ ደግሞ ማን እንደሆነ አላውቅም። እሱ ስለ ቧንቧው አያስብም። የሚያየው የአፀደን ገመድ ነው። ገመዱ አንጓዋን ቆርጦት ደም ይዟል።

በቃ አልኩ።

አስነስቼ አልሰጠውም። አልለምነውም። አልንበረከክም። ቧንቧው ውስጥ ያለውን ነገር ባላምንበትም ካፖራሉ ራሱ በአፉ ይሞክረዋል።

«ቧንቧው ተዘግቷል፣ ሲኞሬ» አልኩት። ውሸቴን ነው።

«ንፋው እንግዲህ።»

«ነፋሁት፤ አልሆነም። የሚያወጣው መሳብ ነው። በአፍ ጠንክሮ መሳብ።»

«ሳበው።»

«አቃተኝ። እንደ እርስዎ አልችልበትም።»

ዓይኑን አጠበበ። ጋሽ ደበላ መተንፈስ አቆሙ።

አቶ ቦጋለ ከላይ ሆነው በአማርኛ «ስጠው፣ ስጠው» አሉ። «የካቲት ላይ ጥሩ አድርጎ ሲስብ አይተነዋል።»

ካፖራሉ አማርኛ አያውቅም። «ምን አለ ሽማግሌው?»

«ጎበዝ ነዎት ይላል።»

ሳቀ። «ዲፕሎማ ሰጥተውህ ቤንዚን መሳብ አላስተማሩህም?» ብሎ ቧንቧውን ከእጄ መነጨቀኝ። ጎንበስ አለ። ከንፈሩን ገጠመ።

ሳበ።

ቡልቅታው ቀጥ አለ።

ጉንጩ ወደ ውስጥ ገባ። መሳቡን አላቆመም። ማቆም የሚፈልግ ይመስላል፤ እጁ ቧንቧውን ይገፋል፣ ከንፈሩ ግን አይለቅም። ዓይኑ ወደኔ ዞረ። እንደዚያ ያለ ዓይን ከዚያ በፊት አላየሁም። ሊጠይቀኝ የፈለገ ይመስለኛል። ምን እንደሆነ ግን እንጃ።

ከዚያ ለቀቀው።

ቤንዚን ይተፋል ብዬ ጠበቅኩ። ከንፈሩ ደረቅ ነው። አፉን ከፈተ...

ጭስ ወጣ።

የሲጋራ አይደለም። ብዙ ነው። ቀስ ብሎ እየተጎተተ ወጥቶ ከጉሙ ጋር ተቀላቀለ።

ያ ሳል እንደገና ተሰማ። አሁን ከቧንቧው አይደለም። ከጎናችን፣ ከግድግዳው ውስጥ ነው። ከዚያ አንዲት ድምፅ፣ የዋህ፣ እንግዳ እንደምትቀበል ሴት፦

«ግባ ልጄ፣ ግባ... በሩን እኔ እዘጋዋለሁ።»

ካፖራሉ አማርኛ አያውቅም ብያችኋለሁ።

ዞሮ ሄደ። እንደታዘዘ ልጅ አንገቱን ደፍቶ። ግድግዳው ጋ ሲደርስ ጠመንጃውን ከውጭ አስደገፈው፤ እንግዳ ዱላውን ደጅ ትቶ እንደሚገባ። ከዚያ በር በነበረበት ክፍተት ገባ።

ጉሙ ሸፈነው።

በር ሲዘጋ ሰማን።

እንጨት ከእንጨት ሲገጥም። ቀጥሎ መወርወሪያው ሲገባ... ቀስ ብሎ፣ እስከ መጨረሻው።

በር የለውም እኮ ያ ቤት።

ባሕር ዛፉ ጠብታውን የያዘ ይመስል ነበር።

ቀድማ የነቃችው አፀደ ናት። «ምን ትጠብቃለህ?» አለችኝ። «እሰረው ቧንቧውን።»

አሰርኩት። ብሎኑ ሁለቴ ወደቀብኝ። የፖምፓውን ምላስ ነቀነቅኩ። ዋንጫዋ ጥርት ባለ ቤንዚን ሞላች። እንዲህ የጠራ ቤንዚን ጋራዥ ውስጥም አይቼ አላውቅም።

ጋሽ ደበላ እስረኞቹን ፈቱ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ሄዱ። ጠመንጃው ፊት ትንሽ ቆሙ፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እማማ» አሉ በሹክሹክታ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይቺን እኛ እንፈልጋታለን።»

ብድግ አደረጓት። ማንም አልከለከላቸውም።

ማስነሻውን ብረት አንዴ ሳዞረው ሞተሩ ተነሳ። ዳገቱን እንደ ሜዳ ወጣችው። አቶ ቦጋለ ከኋላ ሆነው «አይዞሽ፣ አንቺ እምቢተኛ» እያሉ ጎኗን ይመቷታል። አፀደ አጠገቤ ተቀምጣ አንጓዋን በነጠላዋ ጠቅልላለች። እያለቀሰች መሰለኝ። አልነበረም። እየሳቀች ነው።

አናቱ ላይ ስንደርስ ሞተሩን አቀዘቀዝኩና አዳመጥን። ሁለተኛው ካሚዮን ከታች እያጓራ ይመጣል። መታጠፊያው ጋ ደረሰ...

አሳለ። ተንገጫገጨ። ጠፋ።

እዚያው ቦታ ላይ።

*

ከሸጎሌ ማዶ፣ አፀደ በመራችን ጫካ አፋፍ ላይ፣ አርበኞቹ ተቀበሉን። ካሚዮኗን ከቅጠል ሥር ስንከታት ጋሽ ደበላ ስንት ቤንዚን ቀረን ብለው ሰልባትዮው ውስጥ እንጨት ሰደዱ።

እንጨቱ ደርቆ ወጣ። ጫፉ ላይ ግራጫ ነገር ይዟል።

አመድ ነው።

ግማሹ ድረስ ረጥቦ የወጣው ያው እንጨት ነው። ራሴ ነኝ የለካሁት። ሌላ እንጨት ቆርጠን ሰደድን። አመድ።

ኮፈኑን ከፈትኩ። ዋንጫዋ እንደገና ባዶ ናት፤ እንደገናም ጉም ይዟታል። የቀድሞው ትንፋሽ ግን አይደለም። ያ ረጋ ያለ፣ የብዙ ሰው ነበር። ይሄ የአንድ ነው። ፈጣን። ሮጦ ሮጦ በር እንደሚደበድብ ሰው።

አፀደ ከትከሻዬ ላይ አየችው።

«ምንድነው ይሄ፣ ፈረንጁ? ተምረሃል አይደል?»

«እርጥበት ነው» አልኩ።

«እርጥበት ከሆነ ክፈተው እስቲ።»

አልከፈትኩትም። ፖምፓውን ከነዋንጫው ነቀልኩና አቶ ቦጋለ ባሕር ዛፍ ቀርጸው ሁለቱንም ቀዳዳ ደፈኑልኝ። አናጢ አይደሉ፤ ልክክ ነው ያለው።

ወታደሮቹ ካፖራሉን በዚያ ግድግዳ ውስጥ ለቀናት ፈለጉት። ጋሽ ደበላ ከሰፈራቸው ሰዎች ሰምተው በኋላ እንደነገሩኝ ምንም አላገኙም።

ጣሊያን ወጣ። እኛ ጉለሌ ተመለስን። ፖምፓው አሁንም ከኔ ጋር ነው፤ ከመስኮቱ አጠገብ፣ መደርደሪያ ላይ። በጋውን ሙሉ ብርጭቆው ጥርት ብሎ ይከርማል። ነሐሴ ሲገባ፣ ዳገቱ ጉም ሲለብስ፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ... ይጀምራል። አፀደ በጎን ስታልፍ አየት ታደርገውና «አሁንም አልደከመውም?» ትላለች።

እኔ እርጥበት ነው እላለሁ። ለምጄዋለሁ።

ባለፈው ነሐሴ ግን አንደኛው የባሕር ዛፍ መሰኪያ ደርቆ ኖሮ ጠብ ሲል ሰማሁ።

ተስፈንጥሬ ተነሳሁ። ሌላ የማደርገው አልመጣልኝም፤ እንደ ሙያዬ አውራ ጣቴን ቀዳዳው ላይ ደፈንኩ።

የፖምፓውን ምላስ ማንም አልነቀነቀውም።

ጣቴን ሳበው።

ጥብቅ አድርጎ... ለቀቀ... እንደገና ሳበ። ብርጭቆው ጉም ያዘ፤ ጉሙ መሃል፣ ከውስጥ በኩል፣ በጣት የተጠረገች ትንሽ ቦታ ተከፈተች።

«እትዬ» አልኩ፣ «አዲስ እንጨት ቅረጪልኝ።»

ቢላዋዋን አንስታ ደጅ ላይ ተቀመጠች። አልቸኮለችም። እኔም ቀርጻ እስክትጨርስ ድረስ ጣቴን አላነሳሁም።